ስንት ሰው እንደመረጠ ንገሩን

ዝነኞች በቴሌቪዥን የሚወዳደሩበት የዳንስ ፕሮግራም ባለቀ ቁጥር አንድ ወሬ አይጠፋም፦ "ተመልካቹ አበላሸው።" ጎበዟ ተባረረች፣ እግሩ የሚተሳሰርበት አለፈ፣ ጥፋቱ የመራጩ ነው። እኔ አልስማማም። ጥፋቱ ያለው ድምፁ በሚቆጠርበትና በሚደበቅበት መንገድ ላይ ነው።

ቢቢሲ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚያቀርበውን ስትሪክትሊ ካም ዳንሲንግን እንይ። በ2008 ጆን ሰርጀንት የሚባል የፖለቲካ ጋዜጠኛ ገባበት። ዳንስ አይሆንለትም። ፓሶ ዶብሌ በደነሰበት ምሽት አጋሩን ክሪስቲና ሪሃኖፍን ወለሉ ላይ ሲጎትታት ታየ። ዳኞቹ ዝቅተኛ ነጥብ ቢሰጡትም ሕዝቡ በየሳምንቱ አሳለፈው፤ በመጨረሻ ራሱ ሰውየው፣ ላሸንፍ እችላለሁ፣ ያ ደግሞ ቀልዱን ከልክ ያሳልፈዋል በሚል ለቆ ወጣ።

ሰው ለምን እንደመረጠው ይገባኛል። አክስቴ እንዲህ ያለ ተወዳዳሪ ስታይ "ምስኪን፣ እንዴት እንደሚለፋ!" ትልና ስልኳን ታነሳለች። ጎበዟን ደግሞ "እሷማ ታልፋለች" ብላ ትተዋታለች። ጎበዝ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ማንም አልጠላትም፣ ግን ሁሉም ሌላው ይመርጥላታል ብሎ ቁጭ አለ። ይሄ ተንኮል አይደለም፣ የሰው ልብ ነው።

ቀመሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በዚያው ዓመት ግማሽ ፍጻሜ ላይ ሬቸል ስቲቨንስ፣ ሊሳ ስኖውደንና ቶም ቻምበርስ ቀሩ። ዳኞቹ ለሁለቱ ሴቶች እኩል ነጥብ ሰጡ። የዳኞቹ ነጥብ በደረጃ ስለሚቀየር ለእያንዳንዳቸው የአንደኛነት 3፣ ለቻምበርስ የመጨረሻነት 1 ተያዘ። የሕዝቡም ድምፅ በደረጃ 3፣ 2፣ 1 ተብሎ ነው የሚደመረው። እስቲ አስሉት፦ ቻምበርስ በሕዝቡ ዘንድ አንደኛ ቢወጣ እንኳ ድምሩ 4 ነው፣ ከሴቶቹ አንዷ 5፣ ሌላዋ 4። እንደገና ደንሰው ዳኞች አንዱን ከሚያሰናብቱባቸው ከመጨረሻዎቹ ሁለት የሚያመልጥበት መንገድ አልነበረም። ሰው ግን ለእሱ እየደወለ ነበር! ቢቢሲ ነገሩ ሲገባው ሦስቱንም ወደ ፍጻሜ አሳለፈ፣ ዋንጫውንም ቻምበርስ ወሰደው።

አሜሪካም ይኸው ነው። በኤቢሲው ዳንሲንግ ዊዝ ዘ ስታርስ በ2018 የሬዲዮ አቅራቢው ቦቢ ቦንስ ከአራቱ የፍጻሜ ተወዳዳሪዎች ዝቅተኛውን ነጥብ ይዞ አሸነፈ። ብዙ አድማጭ ያለው ሰው አድማጮቹ ቢመርጡት ምን ይገርማል? ሕጉ ይፈቅዳል። በ2019 ሕጉ ተቀየረ፤ ከታች ከቀሩት ሁለቱ ማን እንደሚሰናበት ዳኞች ይወስኑ ጀመር። ማለትም ከሕዝቡ ድምፅ ላይ ትንሽ ተቆረሰ።

ይሄ አልጣመኝም። እኔ የምፈልገው ቀላል ነው፦ ውድድሩ ሲያልቅ የየሳምንቱን ድምፅ አውጡ። አሁን በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት አሥር ድምፅ ይሁን መቶ ሺህ አናውቅም። ቢቢሲ ቁጥሩን አያወጣም። ትንሽ ድምፅ ያገኘው ያፍራል የሚሉ አሉ። በሚሊዮን ሕዝብ ፊት ዳኛ "3" የሚል ሰሌዳ ያነሳበት ሰው እኮ ነው፣ ከዚያ የከፋ ምን ያያል?