የወቅት ትኬት ወይስ አንድ ትልቅ ጉዞ? የሁለት ወላጆች ክርክር

የክርክሩ ጥያቄ፦ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖር መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ለልጆቹ መዝናኛ ፓርክ ያጠራቀመውን ገንዘብ በምን ላይ ቢያውለው ይሻላል? በአካባቢው ላለ ፓርክ የሙሉ ወቅት ትኬት ገዝቶ ደጋግሞ ቢሄድ ወይስ ቆጥቦ አንድ ጊዜ ፍሎሪዳ ወደሚገኘው ዲዝኒ ወርልድ ቢጓዝ? የመጀመሪያዋ ተከራካሪ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖሩ ነርስና የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ሁለተኛው በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖሩ የታክሲ አሽከርካሪና የሁለት ልጆች አባት ናቸው።

እናት

ከሦስት ዓመት በፊት እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ስለነበር «ልጆቹም እሷም አብረው ይዩት» ብለን ኦርላንዶ ሄድን። ዲዝኒ ወርልድ ለአዛውንት የተለየ የመግቢያ ዋጋ የለውም፤ አሥር ዓመት የሞላው ሁሉ የአዋቂ ይከፍላል። ስለዚህ የሰባ አንድ ዓመቷ እናቴ የሦስት ቀን ትኬት ተገዛላት። ጉልበቷን ያማታል፤ ሦስቱንም ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቦርሳችንን ስትጠብቅ ዋለች። እኔ ደግሞ «ይህን ያህል ከፍለን እንዴት እንቀመጣለን» እያልኩ ልጆቹን ከአንዱ ወረፋ ወደ ሌላው እጎትታለሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የስድስት ዓመቱ ልጄ ደክሞት መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ተቆጣሁት። ልጁ ምንም አላጠፋም። ያስቆጣኝ የትኬቱ ዋጋ ነበር፤ ይህን ያወቅሁት ማታ ሆቴል ገብቼ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤተሰባችን የሚሄደው ኪንግስ ዶሚኒየን ነው። ከ1975 ጀምሮ ያለ ፓርክ ሲሆን ከሪችመንድ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ዶስዌል በምትባል ቦታ በኢንተርስቴት 95 ዳር ይገኛል። የወቅት ትኬት የሚገዛው ትምህርት ሲዘጋ አይደለም፤ ብዙ ወላጅ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ትኬት ለሽያጭ የሚቀርበው የዘንድሮው ሰሞን ሊያልቅ ሲል ነው፤ ዋጋው ዝቅ የሚለውም ያኔ ነው። ያኔ የገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቀረው የዘንድሮ ወቅትም ይገባበታል። በየወሩ ከፋፍሎ መክፈልም ይቻላል። የመኪና ማቆሚያን የሚያካትተውን ደረጃ መምረጥ ይበጃል፤ ማቆሚያ በየጉዞው ሲከፈል በትኬቱ የተገኘውን ቅናሽ ሳይታወቅ ይበላዋል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት ደግሞ ፓርኩ በቅርብ ዓመታት የወቅቱን ትኬት በነጻ እየሰጠ ነው፤ የሚፈለገው በተወሰነው ጊዜ ውስጥ መመዝገብና የልጁን ዕድሜ የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ መቅረብ ብቻ ነው። ትንሹ ልጄ በዚህ መንገድ አንድ ሳንቲም ሳይከፈልለት ገብቷል።

በእንዲህ ያለ ትኬት የሄደ ወላጅ ዝናብ ቢመጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ልጁ ቢያንቀላፋ አቅፎት ይወጣል። የከሰረው ነገር የለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ያሉት ለችግር ቀን ቢሆንም ለደስታ ቀንም ይሠራል።

አባት

እኅቴ፣ እናትዎ በአግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ቀን መዋላቸውን ሳነብ አዘንኩ። ይሁንና ጥፋቱን የኦርላንዶ ማድረግዎን አልቀበልም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» እንደሚባለው ነው። የቤተሰቡ አባል ሁሉ እኩል ቀን መግባት የለበትም። እኛ ስንሄድ አማቴ አብረውን ነበሩ፤ ትኬት የገዛንላቸው ለአንድ ቀን ብቻ ነው። በቀሩት ቀናት ማለዳ ከልጆቹ ጋር ቁርስ ይበላሉ፣ ማታ ደግሞ አብረን ዲዝኒ ስፕሪንግስ የሚባለውን የገበያና የምግብ ቤቶች ሰፈር እንዞራለን። ለመግባትም መኪና ለማቆምም አይከፈልበትም። በሆቴሎቹ መካከል በአንድ ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ባቡር፣ ሞኖሬሉንም ያለ ትኬት ተሳፍረዋል፤ እስከ ዛሬ የሚያወሩት ስለ እሱ ነው።

ስለ ዋጋው በቁጥር ልናገር። ዲዝኒ ወርልድ ከ2018 ጀምሮ ትኬት የሚሸጠው እንደ ቀኑ ነው። በውስጡ ካሉት አራት ፓርኮች አንዱ በሆነው በአኒማል ኪንግደም አነስተኛ ጎብኚ ባለበት ቀን 119 ዶላር የሚሸጠው የአንድ ቀን ትኬት፣ በገና ሰሞን ማጂክ ኪንግደም ለሚባለው ሌላው ፓርክ 200 ዶላር አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጠባ ቀን መምረጥ ነው። ሁለተኛው የቀኑ ብዛት ነው፤ ብዙ ቀን ሲገዛ የእያንዳንዱ ቀን ዋጋ እየወረደ ይሄዳል። አንድ ቀን ብቻ ገዝቶ ሁሉን ለማየት የሚሮጥ ቤተሰብ ከሁሉም የበለጠ ይከፍላል፤ ከሁሉም ያነሰ ያያል። ፓርኮቹ አራት ስለሆኑ አራት ቀን ይበቃል። በአንድ ቀን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዛወር የሚጠየቀውን ተጨማሪ ክፍያ ሕፃናት ላሉት ሰው አልመክርም።

ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በነጻ ይገባል። ከሦስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያለው የሚያገኘው ቅናሽ ግን ጥቂት ዶላር ብቻ ነው፤ የልጅ ዋጋ አለ ብሎ የተመካ ሰው ሒሳቡን ሲያይ ይደነግጣል። ሰው ተጠቅሞባቸው ቀን የተረፋቸውን ትኬቶች ርካሽ ናቸው ብሎ መግዛትም አደጋ ነው። ትኬቱ በመግቢያው ላይ ከጣት አሻራ ጋር ይያያዛል፤ ተጠቅሞ የተረፈውን መሸጥ በፍሎሪዳ ሕግም የተከለከለ ነው።

አሁን ወደ «ቅርቡ» ልምጣ። እኔ እንጀራዬ ከመንገድ ነው። በሰመር ቅዳሜ ጠዋት ከስፕሪንግፊልድ እስከ ፍሬድሪክስበርግ ያለውን የመኪና ሰልፍ አውቀዋለሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ዶስዌል 90 ማይል ያህል ነው፤ አምስት ጊዜ ደርሶ መልስ 900 ማይል ይሆናል። ከዲሲ ኦርላንዶ መሄጃው 850 ማይል ገደማ ነው። እውነተኛው ቅርብ ፓርክ በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የነበረው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ ነበር፤ እሱም በኖቬምበር 2 ቀን 2025 ለመጨረሻ ጊዜ ተዘግቷል።

ገንዘቡን ያገኘሁት በእቁብ ነው። አሥራ ስምንት ቤተሰቦች ሆነን በየወሩ እንጥላለን፤ ባለቤቴና እኔ «ይህኛው ዕጣ ለልጆቹ ነው» ብለን ከመጀመሪያው ተስማማን። ዕጣው የወጣልን ከመጨረሻዎቹ ጋር ነበር። ልጆቹ በየወሩ «ደረሰን?» ብለው ይጠይቁ ነበር። በብድር ካርድ የተከፈለ አንድም ነገር ሳይኖር ሄደን መጣን።

እናት

ወንድሜ፣ እቁቡን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ልጆች ገንዘብ እንዴት እንደሚጠራቀም ማየታቸው ትልቅ ትምህርት ነው። ነገር ግን በኦርላንዶ ዙሪያ ያለውን ወጥመድ አልጠቀሱትም። እኛ ያረፍንበት መንገድ ዳር ትኬት በግማሽ ዋጋ የሚል ማስታወቂያ ነበር። ገባን። ትኬቱን ለማግኘት የዘጠና ደቂቃ ገለጻ መስማት አለባችሁ ተባልን፤ የሚሸጡት በዓመት ለተወሰነ ሳምንት የሚያርፉበት የዕረፍት ቤት ድርሻ ነው። ዘጠናው ደቂቃ አራት ሰዓት ሆነ። አንዱ ሻጭ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ልጆቹ ከለር እየቀቡ በሌላ ክፍል ተቀምጠዋል፣ እናቴ ቋንቋው ሳይገባት ትመለከተናለች። ምንም ሳንፈርም መውጣታችንን እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ግማሹ ቀን ግን ጠፋ። ሰው እዚያ ወጥመድ ውስጥ የሚገባው የበሩ ዋጋ ስለሚያስፈራው ነው።

ርካሽ ቀን ይመረጥ ይላሉ። በዲዝኒ ዋጋው ከሚወርድባቸው ሳምንታት አንዱ የፍሎሪዳ ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ ያለው የኦገስት አጋማሽ ነው። ይህ ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ነው። ትልቋ ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ በራሷ ፈቃድ ጾማለች። በዚያ ሙቀት፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ በሚመጣበት አገር፣ እየጾመች ከፓርክ ፓርክ ላመላልሳት?

ስለ ርቀቱ ግን አልከራከርዎትም፤ ኪንግስ ዶሚኒየን ደጃፋችን አይደለም። ደጃፋችን ያለው ግሌን ኤኮ ነው። ከቤታችን በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው፤ ዛሬ በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ስለሆነ መግቢያው ነጻ ነው። በ1921 የተተከሉት የሚሽከረከሩ የእንጨት ፈረሶች እስከ አሁን ይሠራሉ፤ በጥቂት ዶላር ይጋለባሉ። ቦታው የመዝናኛ ፓርክ በነበረበት ዘመን ጥቁር ልጆች አይገቡበትም ነበር። በ1960 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እነዚያው ፈረሶች ላይ ተቀምጠው አንነሣም በማለታቸው ታሰሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት በሩ ለሁሉም ተከፈተ። ይህን ለልጆቼ እዚያው ቆመን ነገርኳቸው። ትልቋ አንዱን ፈረስ በእጇ እየነካች «እዚህኛው ላይ ነው የተቀመጡት?» አለችኝ። የልጅ ትዝታ በአውሮፕላን ካልሄዱ አይገኝም የሚለኝን ሰው ወደዚያ እወስደዋለሁ።

አባት

የግሌን ኤኮን ታሪክ አላውቀውም ነበር። ልጆቼን እወስዳቸዋለሁ።

ስለ ጾሙ የተናገሩት ተገቢ ነው። ሆኖም የቀን መቁጠሪያውን እንደገና ይመልከቱት፤ ፍልሰታ የሚፈታው በኦገስት 22 ነው። በእናንተ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት የሚጀመረው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ፣ በወሩ መጨረሻ ሳምንት ነው። በመካከሉ ያሉት ጥቂት ቀናት ለዲዝኒ ከዓመቱ ርካሽ ቀናት የሚመደቡ ናቸው። በጾም ቀን የሚሄድ ቤተሰብም ቢሆን አይቸገርም። ዲዝኒ ወርልድ ከቤት የተዘጋጀ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቅዳል፤ የማይፈቀደው የመስታወት ዕቃና የአልኮል መጠጥ ነው። እኛ አንድ ረቡዕ የሽሮ ፍትፍት በዕቃ ይዘን ገብተን ጥላ ሥር በልተናል። በረዶ ያለበት ውኃም ፈጣን ምግብ ከሚሸጥባቸው ቦታዎች በነጻ ይሰጣል። በእርስዎ ኪንግስ ዶሚኒየን ግን ከውጭ ምግብ አይገባም። አምስት ሰው በጉብኝት ሁለት ጊዜ ከውስጥ ገዝቶ ሲበላ፣ በአምስት ጉብኝት ስንት እንደሚሆን ይደምሩት።

ሙቀቱን የምንመክተው በሰዓት ነው። በሩ ሲከፈት እንገባለን፣ እኩለ ቀን ላይ ወጥተን ልጆቹ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ይዋኛሉ፣ ይተኛሉ፣ ሲመሽ እንመለሳለን። በዚያው ትኬት በዕለቱ እንደገና መግባት ይቻላል። ወረፋ ለማሳጠር የሚጠየቀውን ተጨማሪ ክፍያ አልከፈልንም። ወረፋ ማሳጠሪያው ከ1999 ጀምሮ ለዓመታት ያለ ክፍያ ይሰጥ የነበረ አገልግሎት ነው፤ ከ2021 ወዲህ በገንዘብ ሆነ። ይህ ያናድደኛል፣ ባለገንዘቡ በድሀው ልጅ ፊት ሲያልፍ ማየት ደግሞ ለልጆች መጥፎ ነው። ማለዳ የገባ ግን ያለ ክፍያ ብዙ ያያል። ትንሹ ልጅ ቁመቱ ካልደረሰ ደግሞ ወላጆች ሁለተኛ ሳይሰለፉ ተራ በተራ የሚገቡበት ሥርዓት አለ፤ ይህኛው አሁንም በነጻ ነው።

የቀረውን በግልጽ ልናገር። ለአሽከርካሪ ቅዳሜና እሑድ የገበያ ቀን ነው። የወቅት ትኬት በአንድ ዓመት ገዝቼ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሄድን። በሌሎቹ ቅዳሜዎች ልጆቹ ጠየቁኝ፣ እኔ «በሚቀጥለው ሳምንት» አልኳቸው። ሴት ልጄ በኋላ መጠየቅ አቆመች። ደጋግሜ የምሰጣቸው ቀን የለኝም፤ የምሰጣቸው አንድ ሳምንት ነው፤ ያን ሳምንት ስልኬን ዘግቼ ሰጥቻቸዋለሁ።

እናት

ወንድሜ፣ ይህን ከመጀመሪያው ቢነግሩኝ ኖሮ ስለ ርቀትና ስለ ዋጋ ብዙ ባልጻፍኩ። እኔ በሆስፒታል ሦስት ረጃጅም ፈረቃ እሠራና በሳምንቱ መሀል ዕረፍት አገኛለሁ፤ ማክሰኞ ጠዋት በኢንተርስቴት 95 ላይ እርስዎ የሚያውቁት ሰልፍ የለም። የምንሄደው በዚያ ቀን ነው። ምሳችንን ከመግቢያው ውጭ ባለው የመመገቢያ ቦታ በልተን እንመለሳለን፤ ከውስጥ የምንገዛው አይስክሬም ብቻ ነው።

አሁንም ግን ለአንድ ሳምንት የታሰበውን ገንዘብ ሁሉ አንድ በር ላይ ማፍሰስ አይዋጥልኝም። ዕረፍት ያጣ ወላጅ ፔንሲልቬንያ ያለውን ኸርሺ ፓርክ ያስበው። ሚልተን ኸርሺ በ1906 ለቸኮሌት ፋብሪካው ሠራተኞች የከፈተው ነው። የነገውን ትኬት የያዘ ሰው የዛሬዋን ማምሻ የመጨረሻ ሰዓታት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገባል፤ በአንድ ትኬት ምሽትና ሙሉ ቀን ማለት ነው። ጎኑ ያለው የቸኮሌት ቤትና የውስጡ ጉብኝት ደግሞ መግቢያ አይከፈልበትም፤ እናቴ እንደገና ስትመጣ እሷን የምወስዳት እዚያ ነው፤ ተቀምጣ በሠረገላ የምትዞረው ነገር አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሥቶ ሰኞ ማታ ቤት መግባት ይቻላል። ሰኞ ለታክሲ ቀዝቃዛ ቀን ነው ሲሉ የሰማሁ ይመስለኛል፤ ከሆነ ልጅዎ እንደገና ትጠይቅዎት ዘንድ ቀኑን እርስዎ ቀድመው ይንገሯት።