ማኅበራዊ ጉዳይ ይመለከተኛል

ጥፋቱ የራሴ ነው። ሰው ሙያህ ምንድን ነው ሲባል ቁርጡን ይናገራል። ሹፌር ከሆነ ሹፌር፣ ልብስ ሰፊ ከሆነ ልብስ ሰፊ። እኔ ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ግቢያችን ውስጥ ቡና ተፈልቶ፣ ፈንድሻው ቀርቦ፣ አከራዬ እማማ "ልጄ፣ እንደው አንተ ምንድን ነው የምትሠራው?" ቢሉኝ ጉሮሮዬን ጠርጌ "ባህል፣ ኪነጥበብና ማኅበራዊ ጉዳዮች ላይ አተኩራለሁ" አልኳቸው።

እማማ ጀበናውን አስቀመጡት።

"ሦስቱም ላይ?"

"ሦስቱም ላይ።"

"ይከፍላሉ?"

ቶና እየተቀዳ ነበርና ስኒ በማቀበል አለፍኩት።

ስለ ሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ ማወቅ ክፉ አመል ነው፤ አያስቀምጥም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "ብሔራዊ ወራጅ አለ?" ሲል ሌላው ሰው ይወርዳል፣ እኔ ማስረዳት እጀምራለሁ። ባለፈው አጠገቤ ለተቀመጠች ልጅ፣ ቴአትር ቤቱ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት እንደተከፈተ፣ እዚያ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ እንደሠራው፣ የዚህ ከተማ ሰው ግማሹ "አንበሳው ጋ ጠብቀኝ" እየተባባለ ሲቀጣጠር አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ እንደማያየው ስነግራት፣ በትህትና እስከመጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ "ይቅርታ ወንድም፣ እኔ እኮ ብሔራዊ ወራጅ ነበርኩ" አለች። ለገሃርን አልፈን ነበር።

ማሲንቆ የገዛሁትም በዚሁ አመል ነው። በገና 10 አውታር አለው። ክራር 6። ማሲንቆ ግን 1 ብቻ! እኔም በሒሳብ ተመርቼ ቀላሉን መረጥኩ። አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን፣ በቃሌ እደረድራቸዋለሁ፤ ከማሲንቆው የሚወጣው ግን ሁልጊዜ አምስተኛው ነው። ሳምንት ያህል ማታ ማታ ከገዘገዝኩት በኋላ እማማ በሬን አንኳኩ። በእጃቸው በኩባያ የምግብ ዘይት ይዘዋል።

"ልጄ፣ ይቺን በር ማጠፊያዋ ላይ ጠብ አድርግባት። እንቅልፍ ነሳችን።"

አመስግኜ ተቀበልኩ። ምን ልበል?

ለማንኛውም፣ ያ የቡናው ላይ ንግግሬ እማማ ጋ አልቀረም። በሚቀጥለው ወር የዕድር ስብሰባ ላይ ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና "ባህልና ኪነጥበብ አዋቂ መሀላችን ተቀምጦ ሰው ፍለጋ ውጪ ለውጪ እንዞራለን" አሉ። ተጨበጨበ። እኔም ሞኙ አብሬ አጨበጨብኩ። ከዚያ ዕድል ተሰጠኝና ተነሥቼ፣ እንዴት እንደገባሁበት ሳላውቀው፣ አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ ላይ ስለሠራው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል አወራሁ። የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ እንዴት በቀለም እንደተረከው ዘረዘርኩ። ሰዉ ጸጥ ብሎ አዳመጠኝ፤ እንደዚያ ተደምጬ አላውቅም። ስጨርስ የንብረት ኃላፊው እጁን አወጣ።

"መስታወት ላይ ልምድ ካለህማ፣ የዕቃ ቤታችን መስኮት ከክረምት ጀምሮ እንደተሰበረ ነው።"

በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ኪነጥበብ በዚህ ተጠናቀቀ።

ባህል ደግሞ ሽምግልና ሆኖ መጣ። የጎረቤታችን ልጅ ሊያገባ ነው፣ ከተመረጡት ሽማግሌዎች አንዱን ወገቡን ያዘው፣ በእሱ ቦታ እኔ። መንገድ ላይ ሁለቱን አባቶች ስለ ሽምግልና ሥርዓት አንድም ሳላስቀር አስተማርኳቸው። ዝም ብለው ይሰሙኛል። የሴቷ ቤት ደረስን። የልጅቷ አባት በትህትና "ኧረ ተቀመጡ" አሉ። ተቀመጥኩ። ትራሱን ሁሉ አመቻቸሁ። ቀና ስል ሁለቱ አባቶች እንደቆሙ ናቸው። ለካ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማለት አይቀመጥም! ይህንን ደግሞ ከአሥር ደቂቃ በፊት ለእነሱ ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ልነሣ ብል ሶፋው ጥልቅ ነው፣ ወደ ውስጥ ይስባል። የልጅቷ አባት አንዴ እኔን፣ አንዴ የቆሙትን እያዩ "እኚህ ከየትኛው ወገን ናቸው?" አሉ።

ልጅቷን ሰጡ። በእኔ ምክንያት እንዳልሆነ ግን በደንብ ተነግሮኛል።

ማኅበራዊ ጉዳይን ብዙ አላወራም። እኛ ሰፈር ማኅበራዊ ጉዳይ ማለት ድንኳን ነው። የድንኳን ብረት ትከሻ ላይ ሲቀመጥ ስለ ማኅበራዊ ትስስር የሚታሰብ ነገር የለም፤ የሚታሰበው ከኋላ የያዘው ሰው ቁመት ነው።

የመጨረሻውን ያመጣብኝ ምላሴ ነው። አንድ እሑድ ለዳኛው ስለ ሀገር ፍቅር ቴአትር ስተርክላቸው ነበር። በ1927 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ሊወረን ሲያሰፈስፍ፣ ሕዝብ ለመቀስቀስ የተቋቋመ ማኅበር ነው፣ የኪነጥበብ ሰው ዋና ሥራው ሕዝብን መቀስቀስ ነው እያልኩ እጄን ሳወናጭፍ ዳኛው ትክ ብለው አዩኝ።

"መቀስቀስ ነው አልክ?"

"በትክክል።"

"እግዜር ይስጥህ። ጥሩምባ ነፊያችን ልጁ ጋ አዋሳ ሄዷል። ነገ ተነሥተህ ቀስቅስ።"

ጥሩምባው ከማሲንቆው ይከብዳል። አውታር የሚባል ነገርም የለውም፣ ማለትም በእኔ ሒሳብ ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው። ደግነቱ ጥሪው ለአስቸኳይ ስብሰባ እንጂ ለለቅሶ አልነበረም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ ሳይገለጥ፣ ከግቢያችን በር ቆሜ ሳንባዬ እስኪጨርስ ነፋሁት። የወጣው ድምፅ ግን የጥሩምባ አልነበረም። እንደ ሲቃ፣ እንደ ጥጃ፣ መሐል ላይ ደግሞ ትንሽ አንቺሆዬ ነገር ነበረበት። ውሾቹ ጀመሩ። የፊት ለፊቱ ጎረቤት ካልሲ ብቻ አድርጎ "ማን ነው? ማን ነው?" እያለ ወጣ። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እያለቀሱ ደረሱ፤ ማን እንደሞተ ግን አያውቁም።

ከሁሉም በኋላ የእማማ መስኮት ተከፈተ። ጨለማው ውስጥ አላዩኝም።

"ምነው ልጄ!" አሉ በእንቅልፍ ድምፅ፣ "ያንን ዘይት ጨረስከው እንዴ?"