ሣሩ ለእይታ ሲሆን ሥልጣኔ፣ ለላም ሲሆን ኋላቀርነት

ባለፈው ሳምንት ካዛንቺስ አካባቢ በአንድ ሆቴል የግብርና ውይይት ነበር። ከተናጋሪዎቹ አንዱ፣ በሙያቸው አንቱ የተባሉ ሰው፣ ማይኩን ጨብጠው የቤተሰብ እርሻን ቀብረውት ወረዱ። ከብት ሜዳ ላይ እያሰማሩ፣ የአያት ዘር እየዘሩ አዲስ አበባን እንመግባለን ማለት ናፍቆት ነው አሉ። ጊዜው የትልልቅ እርባታና የግሪን ሃውስ ነው አሉ። ሸማቹም ቢሆን ዋጋ እንጂ ሌላ ልዩነት አይታየውም ሲሉ ጨመሩበት። አዳራሹ አጨበጨበ። ከንግግሩ በላይ ያናደደኝ ጭብጨባው ነው። (አጨብጭበው ሲያበቁ ቡፌው ላይ ለአበሻ ጎመን ተሰለፉ። ይህንንም አይቻለሁ።)

ከመጨረሻው ልጀምር። ሸማቹ ልዩነቱ አይታየውም? እኚህ ሰው ሾላ ገበያ ገብተው ያውቃሉ? ዕንቁላል ልትገዛ የቆመች የአዲስ አበባ እናት መጀመሪያ የምትጠይቀው «የአበሻ ነው የፈረንጅ?» ብላ ነው። ዋጋ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የአበሻው ያንሳል፣ ቅርፊቱ ላይ ጭቃ አለበት፣ ዋጋውም ይበልጣል። እያወቀች ትከፍላለች። የበዓል ዋዜማ ደግሞ ዶሮ ተራ ሄዶ ማየት ነው። እግሯን ይዘው ከፍ ያደርጓታል፣ ደረቷን ይዳብሷታል፣ ሻጩን ከየት አመጣሃት ብለው ያፋጥጡታል። የእርባታዋ ዶሮ ቁሌቱ ውስጥ ገብታ ገና በደንብ ሳትንተከተክ ሥጋዋ ከአጥንቷ እንደሚላቀቅ ማንም ባለሙያ አላስተማራቸውም። 12 ብልት አውጥተው፣ ወጥ ሠርተው ነው ያወቁት። ሽንኩርትም ቢሆን ያው ነው። ደቃቋን የአበሻ ሽንኩርት ለመላጥ እያለቀሰች የምትፈልጋት ሴት ስንት ናት! እንዲህ ዓይነቱን ሸማች አያውቅም ብሎ መድረክ ላይ መናገር ድፍረት ነው።

አሁን ወደ ወተቱ። ሰውየው የተመኩበት ሒሳብ ይኼ ነው፦ የአበሻ ላም በቀን ሁለት ሊትር እንኳ አትሞላም፣ የውጭ ዝርያዋ ግን 15ም 20ም ትሰጣለች። ቁጥሩ ልክ ነው። አልከራከርም። ግን የቆጠሩት ከላሟ ጡት የወጣውን ብቻ ነው። በአፏ የገባውንስ ማን ይቁጠረው?

በበረት ታስራ የምትውል የከተማ ላም የምትበላው ፍሩሽካ ነው፣ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው) ነው፣ አተላ ነው። ሁሉም በብር ይገዛል። ፋጉሎ በተወደደ ቁጥር ወተት ይወደዳል፣ ወተት በተወደደ ቁጥር ደግሞ ባለ ላሙ ሳይሆን ደላላው ያተርፋል። የዋጋውን ነገር እንተወው። የጤናውን ነገር ግን መተው አይቻልም። በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት አካባቢ ከተማው ሁሉ ስለ ወተት ያወራ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ 110 የጥሬ ወተት ናሙና ወሰዱ። አፍላቶክሲን ያልተገኘበት አንድም አልነበረም። ከ9ኙ በስተቀር ሁሉም አውሮፓውያን ከፈቀዱት ወሰን በላይ ነበር። አፍላቶክሲን በሻገተ መኖ ላይ የሚያድግ ፈንገስ የሚያመርተው መርዝ ነው፣ ጉበትን ለካንሰር ያጋልጣል። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም። እናቶቻችን «አፍልተነዋል» ብለው የሚጽናኑበት ነገር እዚህ ላይ አይሠራም። መርዙ ከየት መጣ? ዋናው ተጠርጣሪ ተጣርቶ ወጣ፤ ያው የኑግ ፋጉሎ ነው። በጆንያ ተከምሮ፣ እርጥበት ነክቶት፣ ሻግቶ የቀረበው።

እና ምን ተደረገ? ለጥቂት ሳምንት ወተት የሚገዛ ጠፋ፣ ልጆች ወተት ተከለከሉ፣ ነጋዴው አለቀሰ። ከዚያ ተረሳ። ዛሬ ደግሞ ያንኑ መንገድ ይበልጥ እናስፋው፣ ብዙ ላም አንድ ጣሪያ ሥር እንሰር፣ ብዙ ፋጉሎ እንግዛ ይሉናል። ሜዳ ላይ ሣር የነጨችን ላም የፋጉሎ ሻጋታ በየት በኩል ያገኛታል? ለእኔ ክርክሩ እዚህ ላይ አልቋል። ግን ላላለቀላቸው ልቀጥል።

የቤተሰብ እርሻ ማለት የአበሻ ላም ብቻ ማለትም አይደለም። ሱሉልታ በኩል የማውቃቸው ባልና ሚስት ያሏቸው ዲቃላ ላሞች ናቸው። ሜዳቸውን በገመድ ከፋፍለው ላሞቹን በፈረቃ ያስግጣሉ። አንዱ ቁራጭ ሲበላ ሌላው ያርፋል። ላሞቹ ከለቀቁት ቁራጭ ላይ ቀናት ቆይተው ዶሮዎቹን ያስገባሉ። ዶሮዎቹ የደረቀውን እበት በእግራቸው እየጫሩ ይበትኑታል፣ ውስጡ የፈላውን ትል ለቅመው ይጨርሱታል። ዝንቡ ይቀንሳል፣ እበቱ ይበተናል፣ ዕንቁላሉም ሲሰበር አስኳሉ ብርቱካን ነው የሚመስለው። ለዚህ ሁሉ ሥራ ደመወዝ የሚከፈለው የለም። ክረምት ሊወጣ ሲል ሜዳው ላይ ሣሩን ተከትሎ ማገጥ ይወጣል። ማገጥን የገጠር ልጅ ያውቀዋል፣ ያቺ ሦስት ሦስት ቅጠል ያላት ከብት የምትወዳት። ሥሯ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ አፈሩን ያዳብራል። እኛ በዶላር ተበድረን ዩሪያ የምናስገባበትን ሥራ እሷ በነፃ ትሠራዋለች። ይኼ ነው እንግዲህ ናፍቆት የተባለው።

ሰውየው ሌላም ነገር አምታተዋል። ከብት ማሰማራትን ሁሉ «ልቅ ግጦሽ» ብለው ጠርተውታል። ልቅ ግጦሽ ተራራ እንዳራቆተ ማንም ያውቃል። ግን ልቅ የሆነ ግጦሽ አለ፣ ሥርዓት ያለው ግጦሽም አለ። ሰሜን ሸዋ ያለውን የመንዝ ጓሳን ሣር ምድር ይመልከቱ። እዚያ ማኅበረሰቡ ቄሮ በሚባል የራሱ ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩን ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ እስኪጎለብት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አይነካውም ነበር። ሲከፈትም በስምምነት ነው። ሥርዓቱን ያላላው ላም አይደለችም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግራ የገባው መሬት ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ አሉ። በግሪን ሃውስ የተጠበቀ ቀበሮ ካለ ይንገሩን።

ስለ ዘሩም አጭር ነገር ልበል። የአበሻ ጎመን የዚሁ አገር ልጅ ነው። አበባው ቢጫ ነው፣ ዘሩን የምትሰበስብ እናት አንዱን ሁለቱን ምርጥ ግንድ ሳትሸመጥጥ ትተወዋለች፣ ሲደርቅ ጆንያ ላይ ወቅታ በጨርቅ ትቋጥረዋለች፣ ጭስ እንዲያገኘው ከምድጃው በላይ ትሰቅለዋለች። ነቀዝ አይደፍረውም። ለሚቀጥለው ዓመት ይበቃታል፣ ለጎረቤትም ይተርፋታል፣ የቀረውን ወቅጣ ምጣድ ታስስበታለች። በጣሳ ታሽጎ የሚመጣው ኤፍ ዋን የሚሉት ዲቃላ ዘር ግን ከምርቱ ዘር ብታስቀሩ እናቱን አይመስልም። በየዓመቱ ግዙ ነው። ምርቱ ብዙ ነው፣ እውነት ነው። ገመዱ ግን ሌላ ሰው እጅ ነው።

ደግሞ የሚገርመው፣ እኛ ያፈርንበትን ጎመን ዘር ፈረንጅ አውሮፕላን ያበርርበታል። በ2012 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት ከዚሁ ጎመን ዘር በተሠራ ነዳጅ ብቻ በረረ። በ2018 ደግሞ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሜልቦርን የሄደ የመንገደኞች አውሮፕላን ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ ተጠቀመበት። እዚሁ አዲስ አበባ በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የዘር ባንክ አለን። ከመሪዎቹ አንዱ ዶክተር መላኩ ወረደ በ1989 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ ጭምር መጠበቅ አለበት ብለው በመሥራታቸው ነው። ይህ ሁሉ የሆነው በእኛው ከተማ ነው። ተናጋሪያችን ግን አልሰሙም፣ ወይም መስማት አልፈለጉም።

የቀራቸው አንድ መከራከሪያ መሬት ነው። ለግጦሽ የሚሆን መሬት የለም ይላሉ። ይህን ስሰማ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ እወርዳለሁ። የእግረኛ መንገዱ ዳር፣ አደባባዩ፣ የአጥሩ ሥር ሁሉ ሣር ነው። በቦቴ ውኃ ይጠጣል፣ በማሽን ይታጨዳል፣ የረገጠው ሰው ይገሠጻል። ሣሩን አልጠላሁትም፣ ያምራል። ግን ለእይታ ሲሆን ቦታም ውኃም በጀትም የሚገኝለት ነገር፣ ለላም ሲሆን በምን ተአምር ነው ብክነት የሚሆነው?

ከከተማው ወጣ ሲሉ ደግሞ ይብሳል። በሰንዳፋ በኩል ሂዱ፣ በሱሉልታ በኩል ሂዱ። ድሮ ድርቆሽ የሚታጨድበት ሜዳ በብሎኬት ታጥሯል። ለኢንቨስትመንት ተብሎ ተወስዶ ዓመታት ያለፉት፣ ከአጥርና ከዘበኛ በቀር ምንም የሌለበት መሬት ሞልቷል። መሬት የለም ባዮቹ እነዚህን ባለ አጥሮች አንድ ቀን ጠይቀው አያውቁም። ሁለት ሄክታር ይዞ ላምና ጎመን የሚያለማን ቤተሰብ ግን «ምርታማነትህ ስንት ነው?» ብለው ይመረምሩታል። አጥሩ ውስጥ ያለው ሣር እንኳ ሥራ አልፈታም። መስከረም ላይ ወገብ ይደርሳል፣ ዘበኛው አጭዶ በሸክም ይሸጠዋል። የሚገዙት ሁለት ሦስት ላም ያላቸው ጎረቤቶች ናቸው፣ አንዳንዶቹም መሬቱ ከመታጠሩ በፊት እዚያው ያስግጡ የነበሩ።