መንገድ ምን አላት?

በዚህ ዘመን የሚያስቀና ሰው ካለ፣ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ከቤቱ የራቀ ሰው ነው። እኔ በበኩሌ እጅ እነሳዋለሁ። ቆሜም አጨበጭብለት ነበር፤ ግን የት አገኘዋለሁ? ጎህ ሳይቀድ ወጥቷል፣ መሽቶም ገና አልገባም።

ይህ ጀግና የወሰነው በአንድ ቁጥር ነው። በአዲሱ ደመወዝ። ቁጥሩ ከተነገረው በኋላ የተባለውን ሁሉ በጆሮው አልሰማም። ቢሮው የት ነው ሲሉት "ኧረ ቅርብ ነው፣ መንገድ ምን አላት?" ይላል። ይህችን አባባል የፈጠራት እሱ አይደለም። ያስተማሩት መካሪዎቹ ናቸው። መካሪዎቹ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከመሥሪያ ቤታቸው ደጃፍ የሚኖሩት፣ ምሳ ሰዓት ቤታቸው ገብተው ጋደም ብለው የሚመለሱት። "እኔ ብሆን ዓይኔን አላሽም!" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እነሱ ዓይናቸውን የሚያሹት እሱ ሁለተኛውን ትራንስፖርት ሲይዝ ነው።

በቃለ መጠይቁ ላይም አላሳፈረንም። "ከቤትህ አይርቅብህም?" አሉት። "በፍጹም! እንዲያውም መንገድ ላይ ሐሳቤን እሰበስባለሁ" አለ። ሦስቱም ጠያቂዎች በአድናቆት ተያዩ። አንደኛው ግን ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ አየ። እሱም የሚኖረው ሩቅ ነው።

ደግሞ በጥንቃቄው አይታማም። ውሉን ከመፈረሙ በፊት መንገዱን ሞክሮታል። እሁድ ጠዋት። መንገዱ ጭር ብሏል፣ መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ እያበሩ ተቀበሉት። ገና በሩ ላይ ቆሞ ለባለቤቱ ደወለ፦ "30 ደቂቃ! 30 ደቂቃ ብቻ!" ያቺ 30 ደቂቃ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ይፋዊ ቁጥር ሆነች። ሰኞ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበት፤ ሰኞ ስለሆነ ነው። ማክሰኞ ዝናብ ነበር። ረቡዕ ሁለት መኪና ተጋጭቶ ነው። ሐሙስ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ዓርብማ፣ እንግዲህ ዓርብ ነው። መንገዱ ግን ምን ጊዜም 30 ደቂቃ ነው። በማንኛውም ሰው ፊት ይምላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥበቡን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። መንገዱ አንዳንድ ቀን 50 ደቂቃ፣ አንዳንድ ቀን ሁለት ሰዓት ይፈጃል እንበል። ሰነፍ ሰው አማካዩን ይይዝና ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው ይላል። ጀግናው ግን ማርፈድ ስለማይወድ በየቀኑ የሚወጣው ለክፉው ቀን አስቦ ነው። ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይነሳል። መንገዱ የተከፈተ ቀን ደግሞ ቢሮው ሳይከፈት ደርሶ ከጥበቃው ጋር ቆሞ ያወራል። ስለዚህ መንገዱ ቢቀናውም ባይቀናውም የሚከፍለው የክፉውን ቀን ዋጋ ነው። ይህን ያህል ቸርነት ከየት ይመጣል?

አሁን ምቀኞች የሚያነሱትን ሒሳብ እንየው። ምቀኛ መቼም ሒሳብ ይወዳል። ጀግናችን ድሮ 8 ሰዓት ይሠራ ነበር፣ ደርሶ መልስ መንገዱ አንድ ሰዓት ነበር። በቀን 9 ሰዓት። አሁን 8 ሰዓት ይሠራል፣ መንገዱ ደርሶ መልስ 3 ሰዓት ሆኗል። በቀን 11 ሰዓት። ደመወዙ በ20 በመቶ አደገ። ከቤት ውጭ የሚውልበት ሰዓት ደግሞ በ22 በመቶ አደገ። እና ምቀኛው እስክሪብቶውን ክዳኑ ውስጥ እየመለሰ "በሰዓት ሲታሰብ እኮ ደመወዝህ ቀንሷል" ይለዋል። ትራንስፖርቱን ገና አልነኩትም። ውጭ የሚበላውን ምሳና ከጭማሪው ላይ የሚቆረጠውን ግብርም እንዲሁ።

ይህ አልበቃ ብሏቸው ዓመቱን ያሰላሉ። በቀን ሁለት ሰዓት ተጨማሪ መንገድ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በዓመት 48 ሳምንት፤ 480 ሰዓት። በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ሲካፈል 60 ቀን። ሦስት ወር ሊሞላ ምንም የማይቀረው የሥራ ጊዜ በነጻ ሰጥቷል ማለት ነው። ለአለቃው ቢሰጥ እንኳ ደግ፣ ዕድገት ያስገኝለት ነበር። የሰጠው ግን ለአስፋልት ነው። አስፋልት ደግሞ የሥራ ልምድ አይጽፍም።

እኔ ግን እላለሁ፣ ሰው እንዲህ እየቆጠረ የት ይደርሳል? የደመወዝ ወረቀቱ ላይ "መንገድ" የሚል መስመር የለም። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ የለም። አለቀ።

ምሁራኑም ቢሆኑ አርፈው አልተቀመጡም። ቼዛሬ ማርኬቲ የሚባል ጣሊያናዊ የፊዚክስ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 አንድ ነገር ጻፈ። የሰው ልጅ በእግሩ ከሚሄድበት ዘመን ጀምሮ በቀን ለመመላለስ የሚያውለው ጊዜ በአማካይ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ነው ይላል። የጥንት ከተሞች ከዳር እስከ ዳር 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆኑትም ለዚህ ነው፤ ከዳር ተነስቶ መሐል ለመድረስ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ። ፈጣን መጓጓዣ ሲመጣ ሰው የተረፈውን ጊዜ ቤቱ አልተቀመጠበትም፣ ራቅ ብሎ ሰፈረበት። እንግዲህ አስቡት፤ አያት ቅድመ አያቶቻችን በአንድ ሰዓት ተወስነው ስንት ዘመን ኖሩ። የእኛ ጀግና በአንድ ፊርማ ሦስት አደረገው። ይህ ታሪክ ነው!

ቀጥሎ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ተሸላሚው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ በዚያው አቆጣጠር በ2004 ባወጡት ጥናት አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ 909 ሠራተኛ ሴቶችን የትናንት ውሏቸውን ጠየቋቸው። እያንዳንዱን ነገር ሲያደርጉ ምን ተሰማቸው? ከመጨረሻው ረድፍ የተገኘው የጠዋት የሥራ መንገድ ነው። ከሥራው ራሱ በታች። ከቤት ጽዳትም በታች። አሎይስ ስቱትዘርና ብሩኖ ፍራይ የተባሉ የስዊዘርላንድ ኢኮኖሚስቶች ደግሞ የጀርመኖችን መረጃ ለብዙ ዓመታት የተሰበሰበውን አገላብጠው፣ መንገዱ የረዘመበት ሰው በኑሮው ያለው እርካታ ያነሰ ሆኖ አገኙት። በኢኮኖሚክስ ወግ ከሄድን፣ ደመወዙ ወይ ቤቱ የመንገዱን ድካም መካስ ነበረበት። አልካሰም። ተመራማሪዎቹ ነገሩ እንቆቅልሽ ሆኖባቸዋል። እኛ ቢጠይቁን ኖሮ ምስጢሩን እንነግራቸው ነበር፦ ደመወዝ በሁለተኛው ወር ይለመዳል፣ መንገድ ግን በየቀኑ አዲስ ነው። ዛሬ ጎማ ይፈነዳል፣ ነገ ቱቦ ይቆፈራል። የማይሰለች ሥራ ማለት ይህ አይደል?

ሰፊ ዕቅዱንም ላድንቅለት። መንገዱ ረዘመ ሲባል ያልደነገጠው ለዚህ ነው። "መጽሐፍ አነባለሁ፣ ቋንቋ እማራለሁ" አለ። መጽሐፉ አሁንም ቦርሳው ውስጥ አለ። ጥጉ ተጣጥፏል፣ ሽፋኑ ላይ የውኃ ዕቃው ያፈሰሰበት ክብ ምልክት አለ፣ ንባቡ ያለው መግቢያው ላይ ነው። የቋንቋ ትምህርቱን በጆሮ ማዳመጫ ጀምሮ ነበር፤ ሰላምታው ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰደው። መኪና ያለው ጓደኛውም ከዚህ አይሻልም። ፍሬን፣ ነዳጅ፣ ፍሬን። የቀኝ እግሩ ብቻ ስፖርተኛ ሆኗል።

ቆሞ የሚተኛውን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ጥጉን ይይዛል። ቦርሳውን ወደ ፊት ያዞራል፣ ዚፑን በመዳፉ ይሸፍናል፣ ግንባሩን ብረቱ ላይ ያስደግፋል፣ ከዚያ ጭልጥ ይላል። መኪናው ሲታጠፍ ጉልበቱ አብሮ ይታጠፋል፤ ራሱ ግን ንቅንቅ አይልም። መውረጃው ሲደርስ ዓይኑን ሳይገልጥ "ወራጅ አለ!" ይላል። አንዴም አሳልፎ አያውቅም። ግንባሩ ላይ የቀረችው የብረቱ መስመር እስከ ረፋድ ትቆያለች። ስልኩም ገብቶታል፤ "መ" ብሎ መጻፍ ሲጀምር ራሱ "መንገድ ላይ ነኝ" ብሎ ይጨርስለታል።

ተስፋውም አይቆረጥም። "መንገዱ ሊሰፋ ነው" ይላል። ዢል ዱራንቶንና ማቲው ተርነር የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በ2011 የአሜሪካን ከተሞች አጥንተው፣ አውራ ጎዳናው በጨመረ መጠን የመኪናው ጉዞም በዚያው ልክ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ቦታ ተገኘ ሲባል እቤቱ የነበረው ሁሉ ይወጣል። ግን ይህን ለጀግናው አትንገሩት። ማሽኖቹን በመስኮት እያየ ነው የሚጽናናው።

ስለ ቤተሰቡ ብዙ አልልም። ኤሪካ ሳንዶው የምትባል የስዊድን ተመራማሪ፣ በአገሯ ረጅም መንገድ እየተመላለሱ የሚሠሩ ሰዎች ከትዳር አጋራቸው የመለያየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ40 በመቶ ከፍ ያለ መሆኑን በ2011 አስነብባለች። የኛ ጀግና ይህ አያሠጋውም። ለመጣላትም እኮ መገናኘት ያስፈልጋል።

ሥራ አጥቶ ቆይቶ የሩቁን ያገኘ ሰው፣ ወይም በቅርብ ቤት መከራየት አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው እዚህ ውስጥ የለበትም። ለእሱ ሽሙጥ የለኝም፤ አማራጭ የሌለው ሰው አልመረጠም። እዚያ አንድ ዓመት ሠርቶ ሙያ ይዞ ልውጣ ብሎ ቀኑን የቆረጠም አለ፣ ባቡር ላይ ወንበር አግኝቶ በእውነት የሚሠራም አለ። እነዚህም ይለፉ። እኔ የማወድሰው የቅርቡ ሥራ እያለው፣ ቁጥሩን ሰምቶ ብቻ የተነሳውን ነው።

ይልቅ የሚያናድዱኝ ፈሪዎቹ ናቸው። ከመፈረማቸው በፊት "በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት መሥራት ይቻላል?" ብለው ይጠይቃሉ። የመግቢያ ሰዓት ወደፊት ይገፋ እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ አንድ ሰዓት ቢገፋ ትራፊኩን እናመልጠዋለን ብለው ነው። ቢሮው ወደ ሌላ ቦታ የመዛወር ሐሳብ እንዳለው ሳይቀር ያጣራሉ። አንዳንዱ ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ አሁን ያለበት መሥሪያ ቤት ሄዶ "እዚያ ይህን ያህል ሊከፍሉኝ ነው፣ ግማሹን ብትጨምሩልኝ እቀራለሁ" ይላል። ግማሹን! ሳይንቀሳቀስ! ይህ ምን ዓይነት ሰው ነው?

አንዷን አውቃታለሁ። ያቀረቡላት ደመወዝ ለማንም የሚያስጎመጅ ነበር። እሷ ግን ሰኞን መረጠች። ሰኞ ጠዋት በሰዓቱ ተነሳች፣ ሰው ሁሉ በሚሰለፍበት ተሰለፈች፣ ተጋፍታ ተሳፈረች፣ አዲሱ መሥሪያ ቤት በር ላይ ደረሰች። ሰዓቷን አየች። አልገባችም። ማታ ሰው በሚወጣበት ሰዓት ደግሞ ከዚያው በር ተነስታ መልሱን ሞከረችው። በማግሥቱ "አመሰግናለሁ፣ አልችልም" ብላ ደወለችላቸው።

ዘመዶቿ እስከ ዛሬ ያዝኑላታል። ደመወዟ ያው የድሮው ነው። ማታ 12 ሰዓት ሲደወልላት በመጀመሪያው ጥሪ ታነሳለች፤ ክላክስ የለ፣ "ጠጋ በሉ" የሚል ድምፅ የለ። እራት በልታ ጨርሳለች። "ምን እየሠራሽ ነው?" ሲሏት "ምንም" ትላለች፣ ሳታፍር።

ወጣት ሆና፣ ተምራ፣ እንዲህ ምኞት የሌላት!