ዘጠነኛው መቺ የት ገባ?

ይሄን ብሶት ከ2022 ጀምሮ በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን ልተንፍሰው። ጉዳዩ ቤዝቦል ነው። "ኤጭ፣ ቤዝቦል ደግሞ!" ብላችሁ ልታልፉ ያሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ትንሽ ታገሱኝ። ከምታውቁት ከእግር ኳስ እጀምርላችኋለሁ።

በፈረንጆቹ 2021 የተደረገውን የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ አስታውሱ። ማንቸስተር ዩናይትድና ቪያሪያል። ፔናልቲው አላልቅ አለ። ከሁለቱም በኩል አስር አስር ሰው መታ፤ ሁሉም አገባ። የቀሩት በረኞቹ ብቻ ሆኑ። የቪያሪያሉ ሩሊ መታ፤ አገባ። ዴ ሄያ መታ፤ ተያዘበት። 11 ለ 10። የዩናይትድ ደጋፊ ያቺን ምት እስከ ዛሬ አይረሳትም። የማይረሳትም በረኛ ስለመታት ነው። ያን ሌሊት "በረኛ ፔናልቲ አይችልም፣ በእሱ ፋንታ ጎበዝ አጥቂ ይምታ" ያለ ሰው ነበር? አልነበረም። ተራው ደረሰ፤ መታ።

ቤዝቦል ላይ ግን ይህንኑ አደረጉት። በረኛውን ከፔናልቲው አወጡት።

ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ቤዝቦል ዘጠኝ ለዘጠኝ ነው። ዘጠኙም ሜዳ ላይ ይከላከላሉ፤ ዘጠኙም ተራ በተራ ዱላ ይዘው ይመታሉ። ከዘጠኙ አንዱ ወርዋሪው ነው፤ እዚህ ፒቸር የምንለው። ሥራው ኳሷን በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር አካባቢ አፍጥኖ መወርወር ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሚለማመደው ውርወራ ስለሆነ ሲመታ ደካማ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ዘጠነኛ ላይ፣ መጨረሻ ይሰለፍ ነበር። አሁን አይመታም። ዲኤች (ለመምታት ብቻ የተመደበ ተጫዋች) የሚባል ሰው ይመታለታል። ይህ ሰው ሜዳ ገብቶ አይከላከልም። ቁጭ ብሎ ያመሻል፣ አራት አምስት ጊዜ ተነስቶ ይመታል፣ ተመልሶ ይቀመጣል።

እዚህ አሜሪካ ሁለት ሊግ አለ። አሜሪካን ሊግ ይህን ሕግ ያስገባው በ1973 ነው። ያኔ መምታት ቀንሶ፣ ተመልካችም ቀንሶባቸው ነበር። የቡድኖቹ ባለቤቶች 8 ለ 4 ድምፅ ሰጡና አጸደቁት። የመጀመሪያው ዲኤች የኒውዮርክ ያንኪስ ተጫዋች ሮን ብሎምበርግ ነው። ናሽናል ሊግ ግን እምቢ አለ። በ1980 ሊያስገቡት ድምፅ ሰጥተው እንኳ አልተሳካም። የፊላዴልፊያ ቡድን ባለቤት ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ስላልተገኘ ወኪሉ ድምፅ ሳይሰጥ ቀረ እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። እንግዲህ ያ ዓሣ ስንት ዓመት እንዳቆየልን ተመልከቱ። በ2020 በኮሮናው ምክንያት ለአንድ ዓመት በሁለቱም ሊግ ሞከሩት። በ2021 ወርዋሪዎቹ ወደ ምታቸው ተመለሱ። በ2022 ለዘለቄታው ጸደቀ። በቃ።

የኔ ቡድን ዋሽንግተን ናሽናልስ ነው። የናሽናል ሊግ ቡድን። ነገሩ ያቃጠለኝም ለዚህ ነው።

ዋሽንግተን የመጣሁት በ2009 ነው። ማታ ማታ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራ ነበር። አብረውኝ የሚያድሩ አንድ የከተማዋ ተወላጅ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። በስማቸው መጥራት አልሆንልህ ስላለኝ "ጋሼ" አልኳቸው። ትርጉሙን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ የሥራ ቦታው ሰው ሁሉ ጋሼ እንዲላቸው አደረጉ። ጋሼ ትንሽ ሬዲዮ ነበረቻቸው። ኳሱ ካለ ትከፈታለች። ናሽናልስ በዚያ ዓመት 103 ጊዜ ተሸንፏል። ጋሼ ግን አንድም ማታ አልዘጓትም።

ቤዝቦል መጀመሪያ ምንም አልገባኝም። የገባኝ በአንድ ጥያቄ ነው። ጋሼ የወርዋሪው ተራ ሲደርስ የሬዲዮዋን ድምፅ ቀነስ ያደርጉና ወደኔ ዞረው "ምን ታደርጋለህ?" ይሉኛል። አሰልጣኙ እኔ ነኝ ማለት ነው።

ጥያቄው ይህን ይመስላል። ስድስተኛው ኢኒንግ ነው እንበል፤ ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም ዘጠኝ ዙር ነው። አንድ ለዜሮ እየተመራን ነው። ሁለት ሰዎቻችን ቤዝ ላይ፣ ማለትም ነጥብ ለማግባት ዞረው በሚረግጧቸው ማረፊያዎች ላይ፣ ቆመዋል፤ አንድ ጥሩ ምት ብቻ ብትገኝ ገብተው እንመራለን። የሚመታው ማን ነው? ወርዋሪያችን። ልጁ ደግሞ ማታውን ሙሉ እሳት ሆኖ ነው ያመሸው፤ ያንን ቡድን ቀጥ አድርጎ ይዞታል። እሱ ከመታ ዕድሉ ሳይባክን አይቀርም። አውጥቼው ሌላ ጎበዝ መቺ ባስገባ ደግሞ ወርዋሪዬን አጣሁት። ቤዝቦል ላይ አንዴ የወጣ ተጫዋች አይመለስም። ከዚያ የቀሩትን ሦስት ኢኒንጎች ማን ይወረውራል? ተጠባባቂዎቹ ትናንትና ከትናንት ወዲያ ወርውረው ደክመዋል። ሁለት ወዶ አይሆንም። አንዱን ትመርጣለህ፣ ሌላውን ትከፍላለህ።

"አወጣዋለሁ" ስላቸው "ታዲያ ስምንተኛውን ማን ይወረውርልሃል?" ይሉኛል። "አቆየዋለሁ" ስላቸው "ታዲያ ሁለቱን ሰዎች እዚያው ልታሳድራቸው ነው?" ይሉኛል። አንዳንዴ መኪና ሊያወጣ የመጣ ሰው ሳይቀር ቆሞ ይከራከረን ነበር። እንግሊዝኛዬ ገና ሳይፈታ የተከራከርኩበት ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው። ከማላውቀው ሕዝብ ጋር ያወራሁት በዚህ በኩል ነው።

ያ ጥያቄ ዛሬ የለም። ብሶቴ ይኸው ነው። ሰው ግን ሁልጊዜ ሌላ ብሶት ያለኝ እያስመሰለ ይመልስልኛል።

"ወርዋሪ እኮ መምታት አይችልም!" ይሉኛል። አዎ፣ አይችልም። በ2021፣ በመጨረሻው ዓመታቸው፣ ወርዋሪዎች በአማካይ የመቱት ከ100 ሙከራ 11 ብቻ ነው። ሊጉ በጠቅላላው 24 ገደማ ነበር። ይሄንን ቁጥር በየጊዜው ይልኩልኛል። አውቀዋለሁ! ቁጥሩ ዝቅተኛ ባይሆን ኖሮ ጥያቄው ራሱ አይኖርም ነበር። ጎበዝ መቺ ቢሆንማ ምኑን እከራከራለሁ? ደካማ ስለሆነ ነው አሰልጣኙ የሚጨነቀው። ደካማ ስለሆነ ነው ከፊቱ ያለውን ስምንተኛውን መቺ ተጋጣሚዎቹ ሆን ብለው ሳያስመቱ ወደ ቤዝ የሚያሳልፉት። ደካማ ስለሆነም ነው ኳሷን ዱላው ላይ አስነክቶ ቀስ አድርጎ ጥሏት፣ ራሱ ወጥቶ ጓደኛውን አንድ ቤዝ ሲያሳልፍ ስታዲየሙ የሚያጨበጭብለት። አሰልጣኙ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቀይሮ የምት ተራውን የሚያገላብጥባት ዘዴም ነበረች፤ ደብል ስዊች ይሏታል። ጋሼ በወረቀት ላይ እየሳሉ ነው ያስረዱኝ። አሁን ማንም አያስፈልጋትም።

ደግሞስ ደካማው የመታ ዕለት? ባርቶሎ ኮሎን የሚባል ወርዋሪ ነበር። ወፍራም፣ ዕድሜው 42 ዓመት፣ ሲመታ ሄልሜቱ ከራሱ ላይ የሚወድቅ። ግንቦት 2016 ሳንዲያጎ ላይ ኳሷን ከአጥር ውጪ ሰደዳት። በሕይወቱ የመጀመሪያው ሆም ረን ነው። የመጀመሪያ ሆም ረኑን በዚያ ዕድሜ የመታ ሰው በሊጉ ታሪክ የለም። ቤዞቹን ቀስ ብሎ ሲዞር ኮሜንታተሮቹ አብደው ነበር። እኔ የናሽናልስ ደጋፊ ነኝ፤ እሱ የተቀናቃኛችን የሜትስ ተጫዋች ነው። ሶፋዬ ላይ ብድግ ብዬ ጮህኩ። አንድ ዲኤች ሆም ረን ቢመታ ሶፋዬ ላይ እቆማለሁ? ሥራው አይደል እንዴ!

ጉዳቱን የሚያነሱም አሉ። እሱን አላጣጥለውም። ወርዋሪው አዳም ዌይንራይት በ2015 ሊመታ ገብቶ ለመሮጥ ሲነሳ የአኪሊስ ጅማቱ ተበጥሷል። የኛው ማክስ ሸርዘር በ2019 ምት ሲለማመድ ኳሷ ፊቱ ላይ አርፋ አፍንጫውን ሰበረችው። በማግስቱ አይኑ ጠቁሮ ወጥቶ ሰባት ኢኒንግ ያለ አንድ ነጥብ ወረወረ። ያሳዝናል፤ አዎ። ግን ወርዋሪን በዋናነት የሚጎዳው ምንድን ነው? መወርወሩ ነው። የኛኑ ወርዋሪ ስትራስበርግን ተመልከቱ። በ2012 ከናሽናል ሊግ ወርዋሪዎች በምት አንደኛ ተብሎ ተሸልሟል። በ2019 ዋንጫ ባነሳንበት ፍጻሜ፣ ወርልድ ሲሪስ በሚሉት፣ ኮከብ ሆነ። ከዚያ የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ከፈረመ በኋላ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። ዱላ አልነበረም የጎዳው። ክንዱና ትከሻው ነው። ለዚህ ደግሞ ዲኤች አያድነውም።

እሺ፣ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ጥቅምት 30 ቀን 2019፣ ሂውስተን፣ ሰባተኛው ጨዋታ፣ ሰባተኛው ኢኒንግ። ሃዊ ኬንድሪክ የመታት ኳስ ቀኝ ጥግ ያለው ምሰሶ ላይ አረፈች። ዋንጫውን ያመጣችልን ምት ያቺ ናት። ለዋሽንግተን ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያው ዋንጫ ነው። ኬንድሪክ ያን ማታ ምን ነበር? ዲኤች። በአሜሪካን ሊግ ቡድን ሜዳ ስለተጫወትን በእነሱ ሕግ ነበር። ጋሼን አቅፌ ያለቀስኩት በዲኤች ምት ነው። አልክደውም። ግን ያ ጊዜ ሁለቱም ሕግ ነበረ። እነሱ ሜዳ ስንሄድ በእነሱ፣ እኛ ጋ ሲመጡ በኛ። የነሱ ትልልቅ መቺዎች ዋሽንግተን ሲመጡ ቁጭ ማለት ግድ ይሆንባቸዋል፤ ወርዋሪዎቻቸው ዱላ ይዘው ይወጣሉ። ሁለት ዓይነት ጨዋታ ነበር፤ አሁን አንድ ዓይነት ሆነ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ኦታኒ ነው። ኦታኒ ራሱ አይደለም፤ እሱን የማይወድ የለም። ወርዋሪ አይመታም ብለው ሕግ ባወጡበት ዘመን የዓለም ቁጥር አንድ ተጫዋች የሆነው የሚመታ ወርዋሪ ነው። በጥቅምት 2025 የናሽናል ሊግ ፍጻሜ ላይ በአንድ ማታ 10 መቺ በስትራይክ አውት፣ ማለትም ኳሷን መምታት አቅቷቸው፣ አስወጥቶ ሦስት ሆም ረን መታ። በ2022ም ለእሱ የሚሆን አንቀጽ ጨምረዋል፤ ወርዋሪው ከሚወረውርበት ጉብታ ቢወርድም ዲኤች ሆኖ መምታቱን እንዲቀጥል። ለእሱ ሲሆን መንገዱ ይገኛል። ከሱ በኋላ የሚመጣው ልጅ ግን ዱላ የሚነካው መቼ ነው? ገና ከትምህርት ቤት "አንተ ወርዋሪ ነህ፣ ዱላውን ተወው" ይባላል። ከዚያ ከ100 ሙከራ 11 መታ ብለው ይስቁበታል።

ጃፓን ውስጥ ሴንትራል ሊግ ወርዋሪዎቹን ሲያስመታ ቆይቷል። እነሱም ከ2027 ጀምሮ ዲኤች እናስገባለን ብለዋል። ዜናውን ያነበብኩ ቀን ሰው ማናገር አስጠልቶኝ ዋልኩ።

እኔ ሁሉም ወደ ድሮው ይመለስ አላልኩም። አትላንቲክ ሊግ የሚባል ትንሽ ሊግ በ2021 አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር። ዲኤች ይኖራል፤ ግን ከጀማሪው ወርዋሪ ጋር የተሳሰረ ነው። ወርዋሪውን ያወጣህ ጊዜ ዲኤችህም አብሮ ይወጣል። ጥያቄው ተመለሰ ማለት ነው! ለምን ትልቁ ሊግ አልወሰደውም? በስድስተኛው ኢኒንግ አሰልጣኙ ከወንበሩ ሲነሳ ልቤ ድው ድው ማለት አለባት። ባለፈው ሳምንት ስታዲየም ሄጄ ነበር። ወርዋሪው በስድስተኛው ወጣ፤ ሌላ ገባ። ማንም አንገቱን ቀና አላደረገም። የሚከፈል ነገር የለም። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ በርገሩን እየበላ ነበር።

ጋሼ ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ጋ ኖርዝ ካሮላይና ገብተዋል። ድሮ የወርዋሪው ተራ ሲደርስ ስልኬ ይጠራል። "ምን ታደርጋለህ?" ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። አሁን የሚደውሉልኝ ለገናና ለልደቴ ነው።

ልጄ አስር ዓመቱ ነው። በትልቁ ሊግ ከኦታኒ ሌላ ወርዋሪ ሲመታ አይቶ አያውቅም። የድሮ ቪዲዮ ሳሳየው "አባዬ፣ ፒቸሩ ለምንድን ነው የሚመታው?" አለኝ። ምን ብዬ እንደምመልስለት ቸገረኝ። እሱ ራሱ እኮ ፒቸር ነው! በሰፈራችን የልጆች ቡድን ይወረውራል፤ እዚያ ሁሉም ልጅ ተራውን ይመታል። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቹ ቤዝ ላይ ቆመው፣ በአንድ ነጥብ እየተመሩ፣ የእሱ ተራ ደረሰ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስልኬን አውጥቼ ኖርዝ ካሮላይና ደወልኩ።

"ሁለት ሰው ቤዝ ላይ አለ፣ አንድ ለዜሮ ነው፣ የወርዋሪው ተራ ነው" አልኳቸው።

"ምን ታደርጋለህ?" አሉኝ።

"ልጄ ነው ጋሼ። እዚህ ማውጣት የለም፤ ሁሉም ይመታል" አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ።

"እንግዲያው ስልኩን እንዳትዘጋው" አሉኝ።