ውድ ከሆነማ ጥሩ ነው

ማክሰኞ ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ስልኬን ሳነሳ ከክለቡ ኢሜይል ገብቷል። ርእሱ «አስደሳች ዜና!» ይላል። አሜሪካ ስኖር የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ በአስደሳች ዜና የሚጀምር ኢሜይል ከታች የዶላር ምልክት እንደማያጣ ነው። አላጣም። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ እግር ኳስ የሚጫወትበት የትራቭል ቡድን፣ ማለትም ለውድድር ከከተማ ከተማ የሚዞር ቡድን፣ ዓመታዊ ክፍያ ከ2,850 ወደ 3,200 ዶላር ከፍ ብሏል። ምክንያቱም አብሮ ተገልጿል፤ «ጥራታችንን ለማሳደግ»።

እንዴት ደስ አይለኝ? ልጄ ጠዋት ሲነሳ ጥራት ያለው ልጅ ነበር። ማታ በ350 ዶላር የበለጠ ጥራት ያለው ልጅ ሆኖ ተኛ። እንቅልፉንም አላቋረጠም።

ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ምስጋና ነው። ለክለቦቹ ብቻ አይደለም። በተለይ ለእኛ ለወላጆች፣ ዋጋ አይቶ ጥራት የማወቅ ጸጋ ለተሰጠን።

ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ኑሩ አሌክሳንድሪያ፣ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ድሮ ሁለት አበሻ ሲተዋወቅ «አገር ቤት ሰፈርህ የት ነበር?» ይባባል ነበር። አሁን «ልጅህ የት ክለብ ነው?» ሆኗል። ሁለተኛው ጥያቄ «ስንት ነው?» ነው። ሦስተኛ ጥያቄ የለም። ያንተ ከሱ ካነሰ በሐዘኔታ ትከሻህን መታ መታ ያደርግሃል። ከበለጠ ስኒውን ያስቀምጥና ስልኩን ያወጣል። በዚያው ሳምንት ልጁ ያንተ ክለብ ሜዳ ላይ ሲሞከር ታገኘዋለህ። ሲሉ ሰምታ ታንቃ የሞተችው ዶሮ ታኬታ አድርጋ እንደነበር የነገረን የለም እንጂ።

የሚያሳዝነው ልጁን ሬክ የሚያጫውት ሰው ነው። ሬክ ማለት የሰፈር ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበው፣ ከአባቶቹ አንዱ ፊሽካ ይዞ፣ እየሳቁ የሚጫወቱት ነው። ለአንድ ወቅት መቶ ምናምን ዶላር ነው። «የኔ ልጅ ሬክ ነው» የሚል አባት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኛም «አይዞህ፣ ያልፋል» እንለዋለን።

በየማኅበሩ ደግሞ አንድ ባለ ሰንጠረዥ አባት አይጠፋም። ላፕቶፑን ከድፎ ዳቦው አጠገብ ይከፍታል። አሥራ አንድ ክለብ ወደ ታች፣ አሥራ አራት መስፈርት ወደ ጎን። ክፍያ፣ የአሰልጣኝ ላይሰንስ፣ ማልያ፣ የክረምት የቤት ውስጥ ሜዳ፣ በዓመት ስንት ውድድር፣ ስንቱ ከሜሪላንድ ውጭ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀብቶታል፤ የባንዲራ ቀን ይመስላል። «ልጆቹ ስንት ስንት ደቂቃ ይጫወታሉ?» ብዬ ጠየቅሁት። መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየኝ። «እሱ ዌብሳይቱ ላይ የለም» አለኝ።

ከዋጋ ቀጥሎ ጥራት የሚታወቀው በሊጉ ስም ፊደል ነው። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2007 ዴቨሎፕመንት አካዳሚ ብሎ የጀመረውን ሊግ በ2020 ዘጋው። በዚያው ዓመት ኤምኤልኤስ ኔክስት የሚባል የወጣቶች ሊግ መጣ። ኢሲኤንኤል የሚባለው ሌላው ሊግ በ2009 በሴቶች ጀምሮ በ2017 ወንዶችን ጨመረ። የአድዋን ዓመተ ምሕረት የሚያምታታ አባት ይህን እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል። ሁለቱም ሊጎች የሚጀምሩት ከ13 ዓመት በታች በሚባለው እርከን ነው። የኔ ልጅ ገና ጥርሱ እየወለቀ ነው። ግን አባት ከወዲሁ መዘጋጀት አለበት።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ጫፍ ላይ የተቀመጡት የኤምኤልኤስ፣ የትልቁ ፕሮፌሽናል ሊግ፣ ክለቦች የራሳቸው አካዳሚዎች፣ አብዛኞቹ፣ ልጅ የሚያሰለጥኑት በነጻ ነው። ይህን ለባለ ሰንጠረዡ ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ነጻ? ታዲያ ምን ጥራት ይኖረዋል?»

አሁን ስለ ሪችመንድ ልንገራችሁ። ሚስቴ «በቃህ፣ ያልነገርከው ሰው የለም» ብላኛለች። ለእናንተ ግን አልነገርኩም።

ወሩ ማርች ነው። ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ ውድድር አለ። ከቤታችን 115 ማይል ገደማ ነው። ሆቴሉን ራስህ አትመርጥም። ውድድሩ ከተዋዋላቸው ሆቴሎች በአንዱ ሁለት ሌሊት ካላደርክ ቡድንህ አይጫወትም። «ስቴይ ቱ ፕሌይ» ይሉታል። ለአንድ ሌሊት 189 ዶላር፣ ታክሱ ሳይጨመር። አክስቴ ሪችመንድ አለች። ሁለት ባዶ መኝታ ቤት አላት። አክስቴ ግን ከውድድሩ ጋር አልተዋዋለችም።

ዓርብ ከሥራ አስፈቅጄ ወጣን። አይ-95 አውራ ጎዳናን ታውቁታላችሁ፤ ፍሬድሪክስበርግ ላይ መኪናው ቆሞ ሰው ያረጃል። ኤክስፕረሱ፣ የሚከፈልበት መስመር፣ ውስጥ ገባሁና ሰሌዳው ላይ ያለውን ዋጋ ላለማየት ከሚስቴ ጋር ወሬ ጀመርኩ። ከአራት ሰዓት በኋላ ደረስን። ይዘን የመጣነውን ፍርፍር በሆቴሉ ማይክሮዌቭ አሞቅን። ኮሪደሩ በርበሬ በርበሬ ሸተተ። ፊት ለፊት ያለው በር ተከፈተና አንድ ሰው «ይሄ ሽታማ የኛ ነው» እያለ ብቅ አለ።

ጎረቤቴ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ያለሁበት ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ። እኔ ሁለተኛ ነኝ። እዚያ የምንገናኘው ቆሻሻ ስናወጣ ነው። እዚህ ግን ሃያ ዓመት እንደተጠፋፋ ወንድማማች ተቃቀፍን።

«ምን እግር ጣለህ?»

«ልጄ ውድድር አለው። አንተስ?»

«የኔም ልጅ ውድድር አለው።»

ሁለታችንም ስልካችንን አውጥተን ፕሮግራሙን አየን። ቅዳሜ፣ በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 8፣ ሜዳ ቁጥር 11። የኔ ልጅ ቡድን ከሱ ልጅ ቡድን ጋር።

ሁለቱ ክለቦች ልምምድ የሚያደርጉባቸው ሜዳዎች መሀል ያለው አንድ ነዳጅ ማደያ ነው። በእግር ዐሥር ደቂቃ። እንግዲህ ነዳጅ ማደያውን ለመሻገር 115 ማይል ነዳን። ጎረቤቴ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ደረጃው ከፍ ያለ ውድድር ነው ግን» አለኝ። «በጣም» አልኩት።

ጠዋት ዋፍል ማሽኑ ጋ ተሰለፍን። አርባ ቤተሰብ፣ አንድ ማሽን። ሊጡን ታፈሳለህ፣ ትገለብጣለህ፣ እስኪጮህ ትጠብቃለህ። አባቶች ሰልፉ ላይ ክፍያ ያነጻጽራሉ። ልጆቹ ሊፍቱ ጋ የተጠቀለለ ካልሲ ይመታሉ፤ የኔና የጎረቤቴ ልጅ በአንድ በኩል፣ ከኦሃዮ የመጡ የሚመስሉ ሦስት ልጆች በሌላ በኩል። አንዲት እናት ደርሳ ካልሲውን ቀማቻቸው። ጉልበታቸውን ለጨዋታው ይቆጥቡ አለች።

ሜዳው ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ማቆሚያ 15 ዶላር። ጨዋታው ተጀመረ። ሰባት ለሰባት ነው። የኔ ልጅ የመጀመሪያውን ግማሽ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆኖ ውሃ ጠጣ። በሁለተኛው ገባ። ወዲያው ኳስ አገኘ። አንዱን አለፈ። ቀና ብሎ አየ። ይህን ያህል ገንዘብ ከፍዬ ቀና ብሎ ሲያይ ያየሁት ያኔ ነው። በግራ በኩል ጓደኛው ነጻ ሆኖ ቆሟል። እግሩ ሥር አስቀመጠለት። እንደ ቅቤ የምትሄድ ኳስ።

ጓደኛው የተባለው የጎረቤቴ ልጅ ነው። የተቃራኒው ቡድን።

ልጁ ምን ያድርግ? የሕንፃችን መኪና ማቆሚያ ውስጥ በየቀኑ አንድ ላይ ነው የሚሰለፉት። ያኛውም አልተገረመም። «ቴንክ ዩ» ብሎ ተቀበለ፣ ሮጠ፣ አገባ። ልጄ ሁለት እጁን አንስቶ እየጮኸ ሄዶ አቀፈው። አሰልጣኛችን ኮፍያውን መሬት ላይ ወረወረ። የኛ ወላጆች ከታጣፊ ወንበራቸው ተነሡ። እኔ አጨበጨብኩ። ሚስቴ እጄን ያዘችኝ።

ማታ ሒሳብ ሠራሁ። ሆቴል፣ ነዳጅ፣ መንገድ፣ ማቆሚያ፣ ምግብ፤ ቅዳሜና እሑድ በድምሩ 638 ዶላር። ሦስት ጨዋታ፣ እያንዳንዱ 50 ደቂቃ፣ ልጄ ግማሽ ግማሹን፤ 75 ደቂቃ። በደቂቃ 8 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ያቺ ኳስ ከእግር እስከ እግር ሁለት ሰከንድ ፈጀች እንበል። 28 ሳንቲም። የዓመቱን ርካሽ ዕቃ የገዛሁት እዚያ ነው።

አስፐን ኢንስቲትዩት የሚባል የጥናት ተቋም አሜሪካውያን ቤተሰቦች በ2024 ለአንድ ልጅ ዋና ስፖርት በአማካይ 1,016 ዶላር እንዳወጡ፣ ይህም ከ2019 ጋር ሲነጻጸር በ46 በመቶ እንደጨመረ አስነብቦ ነበር። ለባለ ሰንጠረዡ አሳየሁት። «ለአንድ ወር ነው?» አለኝ።

ደግሞ ወጪ አትበሉት፤ ኢንቨስትመንት ነው። መጨረሻው የኮሌጅ ስኮላርሺፕ ነው። እስከ 2025 ድረስ በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው እርከን፣ ዲቪዥን አንድ፣ ያለ አንድ የወንዶች ቡድን እንዲሰጥ የሚፈቀድለት 9.9 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበር፤ ያውም ለሃያ ምናምን ልጅ ተሸንሽኖ። ባለ ሰንጠረዡ ይህንንም ያውቃል። ሰንጠረዡ ላይ ልጁን ያስገባው ከዘጠኙ ውስጥ ነው። ነጥብ ዘጠኟን ለኔ ልጅ ትቶለታል፤ ሰው ያስባል። ላም አለኝ በሰማይ ድሮ ቀረ። አሁን ላሟ የወር ክፍያ አላት።

እሑድ ማታ ከሪችመንድ ስንመለስ፣ ማቆሚያው ውስጥ አንድ ልጅ ብቻውን ኳስ ከግድግዳ ጋር ይጫወታል። አንደኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። «የት ሄዳችሁ ነበር?» አለው ልጄን። የኔንም የጎረቤቴንም ልጅ አንድ ላይ አልፎ የሚሄድ ልጅ ነው። ሁለቱም ያውቃሉ፤ ስለዚህም ነው ሁልጊዜ በአንድ ወገን ሆነው እሱን የሚገጥሙት። እናቱ ሌሊት ሌሊት አዛውንት ትጠብቃለች። ክለብ ጠይቃ ነበር። እርዳታ አለ ተባለች። የሁለት ዓመት ታክስ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ ሁኔታዋን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጪ ተባለች። አመጣች። ግማሹን ቀነሱላት። ቀሪው ግማሽ፣ ማልያው፣ ሆቴሉ በሙሉ ዋጋ። ልምምዱ ወደ ሥራ በምትወጣበት ሰዓት።

ይሄ አያስቅም። አንዲት እናት ልጇ ኳስ እንዲጫወት ድህነቷን ስካን አድርጋ በኢሜይል መላክ አለባት! ኳስ እኮ ነው! አራት ድንጋይና አንድ የካልሲ ኳስ የሚበቃው ነገር። እኛ ሰፈር ባለኳሱ ልጅ ጌታ ነበር፤ ሲኮርፍ ጨዋታው ያልቅ ነበር። ግን ባለኳሱም ቢሆን መጀመሪያ የሚመርጠው ጎበዙን ልጅ ነበር። ባዶ እግሩን ቢሆንም ይመርጠዋል፤ ማሸነፍ ይፈልጋላ! በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅን 4 ለ 2 ስናሸንፍ የመጨረሻዋን ጎል ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ነው። ጎሉን እስከ ዛሬ እናወራለን። እንደ ዛሬ የክለብ ልጆች ቦርሳው ላይ ቁጥሩ ተጠልፎ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። እኛ ባለኳሶች ነን አሁን። ጎበዙን ልጅ ግድግዳ ጋ ትተነው ሪችመንድ እንሄዳለን። ደግሞ እኔም አለሁበት።

ይቅርታ፤ ምስጋና ነበር የጀመርኩት።

ከ2026–27 ወቅት ጀምሮ በአብዛኞቹ ሊጎች የልጆች ዕድሜ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ ሳይሆን ከኦገስት ነው። ድሮም ኦገስት ነበር። ከዐሥር ዓመት ገደማ በፊት ወደ ጃንዋሪ አዞሩት፤ አሁን መለሱት። ቡድኖች ሁሉ ይበወዛሉ፣ ሙከራው እንደ አዲስ ነው። አባቶች እንቅልፍ የላቸውም። እኔም በዚህ መሀል የጎረቤቴን ክለብ ዋጋ ሰማሁ። 3,600 ዶላር! ከኛ በ400 ይበልጣል። እስከ ዛሬ የልጄን ዕድሜ በርካሽ ክለብ ሳባክን ኖሬያለሁ። በዚያው ሌሊት አስመዘገብኩት። መመዝገቢያው የማይመለስ 100 ዶላር ነው።

ትናንት ማታ ቆሻሻ ላወጣ ስወርድ ጎረቤቴን አገኘሁት። ፊቱ በርቷል።

«ልጁን ከዚያ ክለብ አወጣሁት» አለኝ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ዋጋ አልጨመሩም። የሆነ ችግር አለ። የናንተ ዘንድሮ 350 ጨመረ አሉ። እየሠሩ ነው ማለት ነው። እናንተ ጋ አስመዘገብኩት።»

የቆሻሻውን ፌስታል እንደያዝኩ ቆምኩ። እኔም ነገርኩት። አየኝ፤ አየሁት። ከበስተጀርባችን ያ ልጅ ኳሱን ከግድግዳው ጋር ይመታል።

«እንግዲህ ማርች ላይ» አለ ጎረቤቴ።

«ዋፍሉ ጋ» አልኩት።