ማስተካከያ፦ ጎህ ፖኬሞኖችን የሚሰበስበው ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2019 ስለጀመረው የፖኬሞን (ልዩ ኃይል ያላቸው ምናባዊ ፍጥረታት) ተከታታይ የካርቱን ፊልም ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ ስለ ዋና ገጸ ባሕርያቱ ስለ ጎህና ስለ አሽ ሲነገር «ጎህ የሚሰበስበው እንደ አሽ የፖኬሞን ማስተር ለመሆን ነው» ተብሎ ነበር። ስህተት ነው። ማስተር፣ ማለትም ከሁሉ የላቀ የፖኬሞን አሰልጣኝ፣ የመሆን ሕልሙ የአሽ ነው፤ ጎህ የሚፈልገው ሚው የተባለውን ብርቅዬ ፖኬሞን ነው።

ልጅ ሳለ በፖኬሞን ተመራማሪው ፕሮፌሰር ኦክ የበጋ ካምፕ ሚውን በዓይኑ አይቷል። ከዚያ ወዲህ «የመጀመሪያ ፖኬሞኔ ሚው ነው» ብሎ ስለቆረጠ፣ ዕድሜው ደርሶ እንኳ እንደ እኩዮቹ ለጀማሪ አሰልጣኞች የሚሰጠውን የመጀመሪያ ፖኬሞን አልወሰደም። ስለ መጀመሪያ ፖኬሞኑ ሐሳቡን ያስቀየረው አልለቅህም ብሎ የተከተለው ስኮርባኒ የተባለ ፖኬሞን ነው።

ሚው የፖኬሞኖች ሁሉ መነሻ እንደሆነ ይነገራል። ጎህም ሁሉንም ዓይነት ከያዝኩ መጨረሻው ሚው ጋ ያደርሰኛል ብሎ ያምናል። ይህን ያልተረዳ ተመልካች አሰባሰቡ ግራ ያጋባዋል። ለጎህ ቁም ነገሩ ዓይነቱ እንጂ ጉልበቱ አይደለም፤ ደካማ የሚባል ትንሽ ነፍሳትም ፖኬዴክሱ (የፖኬሞን ዓይነቶች መዝገቡ) ላይ አንድ ቦታ ይሞላል። ብዙ ጊዜ ሳያዋጋና ሳያደክም ፖኬሞን የሚያዝበትን ኳስ በቀጥታ የሚወረውረውም ለዚህ ነው፤ በእርግጥ አንዳንዱ ኳሱን ሰብሮ ይወጣል። የያዛቸው አብዛኞቹ በቨርሚሊየን ከተማ ባለው ላቦራቶሪ መናፈሻ ውስጥ ይኖራሉ፤ ለውጊያ የሚያሰለፋቸው ጥቂቶቹን ነው።